«ጣሪያ» ተከፍሎ «ክዳን» ለምን ሌላ ሒሳብ ሆነ? የሣር ክዳን፣ ቃሉና ሥራው

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አጠገብ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ ላሠራ ነው። አናጺው ያመጣልኝ ውል ላይ «ጣሪያ» አንድ መስመር፣ «ክዳን፣ ውፍረቱ አንድ ስንዝር» ሌላ መስመር፣ «ክፈፍና ጉልላት» ሦስተኛ መስመር ሆኖ ተጽፏል። ጣሪያና ክዳን አንድ አይደሉም ወይ? ክዳን የሚለው ቃልስ ከየት መጣ? ከቃል ኪዳን ጋር አንድ ነው ያለኝ ሰው አለ። ውጭ አገር ያለች እህቴ ደግሞ ለማስታወቂያው «የጭድ ጣሪያ» ብላ ተርጉማዋለች። ትክክለኛው የቱ ነው?

ምላሽ፦

አናጺው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ አልቆጠረብዎትም። በተራ ንግግር ጣሪያ ስንል ከግድግዳ በላይ ያለውን ሁሉ ጠቅልለን ነው። ቤት የሚሠሩ ሰዎች ሲነጋገሩ ግን ጣሪያ የሚሉት እንጨቱን ነው፤ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ጫፍ ወደ ግድግዳው የሚወርዱት ወራጆች፣ ወራጆቹን ዙሪያውን የሚያያይዘው ማገር። ክዳን በዚያ አጽም ላይ የሚለብሰው ነው። «ጣሪያው ቆሟል፣ ክዳን ቀርቶታል» በተባለ ቤት ውስጥ ቆመው ቀና ቢሉ ሰማይ ይታይዎታል። ዕቃቸው ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ሠሪያቸውም ይለያያል፣ ዕድሜያቸውማ ጨርሶ አይገናኝም፤ ደህና የጽድ ወይም የወይራ እንጨት ሳይነቃነቅ ክዳኑ ሁለት ሦስቴ ይለወጣል። ለየብቻ መጻፋቸው የሚጠቅመው እርስዎን ነው፤ ክዳኑ አርጅቶ ሲታደስ የትኛው ወጪ ተመልሶ እንደሚመጣ ካሁኑ ያውቁታል።

ቃሉ የወጣው «ከደነ» ከሚለው ግስ ነው። ከተበ ብሎ ክታብ እንደሚል፣ ከደነ ብሎ ክዳን ይላል። ግሱ በግዕዝም አለ፤ እዚያ ሸፈነ፣ ሰወረ፣ አለበሰ የሚሉትን ሁሉ ይይዛል። አማርኛ የመሸፈኑን ወገን አስፍቶታል፦ ድስት ይከደናል፣ ዓይን ይከደናል፣ ቤት ይከደናል። «ነገሩ ተከድኖ ይብሰል» ስንልም፣ በአማርኛው መዝሙረ ዳዊት ምዕራፍ 32 ኃጢአቱ «የተከደነችለት» ሰው ምስጉን ሲባልም ግሱ ያው ነው። ትግርኛ ደግሞ የማልበሱን ወገን አጥብቆ ይዟል። በትግርኛ ክዳን ማለት ልብስ ነው፤ ሲበዛ ክዳውንቲ ይባላል። መቀሌ ወይም አስመራ ገበያ ውስጥ «ክዳን» ብሎ የሚጣራ ነጋዴ ሣር እየሸጠ አይደለም።

በዚህ ምክንያት ክዳን በራሱ ሣር ማለት አይደለም። ምን እንደተከደነበት ካልተገለጸ ሣርም ቆርቆሮም ሊሆን ይችላል፤ «ሣር ክዳን» እና «ቆርቆሮ ክዳን» ብለን የምንለየውም ለዚህ ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ቃሉ አልሞተም፣ የማልበሱ አነጋገርም አብሮት ቀጠለ፤ «ቆርቆሮ የለበሰ ቤት» ይባላል። ውልዎ ላይ «ክዳን» ብቻ ከሆነ የተጻፈው «የሣር ክዳን» ብለው ያስተካክሉት፣ የሣሩንም ዓይነት በስሙ ያስጽፉ።

ቃሉ የማይገባበት ቤትም አለ። የትግራይና የኤርትራ ህድሞ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ በእንጨት ርብራብ ላይ አፈር ተደልድሎ ይጠቀጠቃል እንጂ በሣር አይከደንም። ጨንቻ አጠገብ ባለው የዶርዜ ቤት ደግሞ ከቀርከሃ የተጠለፈው አካል ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ስለሆነ ግድግዳው የት አልቆ ክዳኑ የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም። የክዳን ቋንቋ በደንብ የሚሠራው ግድግዳና ጣሪያ በተለያዩበት ቤት፣ ማለትም እርስዎ ሊያሠሩ ባሰቡት ዓይነት ጎጆ ላይ ነው።

ከቃል ኪዳን ጋር ዝምድና የለውም። «ክዳን» በሳድሱ ክ፣ «ኪዳን» በሣልሱ ኪ ይጻፋሉ፤ ልዩነቱ ግን ከፊደሉ ይጠልቃል። ኪዳን የመጣው «ተካየደ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ተዋዋለ፣ ተማማለ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ን የሥሩ ፊደል አይደለም፤ በርሀ ብሎ ብርሃን እንደሚል የተጨመረ ቅጥያ ነው። ክዳን ላይ ያለው ን ግን ከሥሩ ስለሆነ የትም ቢረባ አይወድቅም፦ ይከድናል፣ ተከደነ፣ መክደኛ። ኪዳነ ምሕረት፣ ጸሎተ ኪዳን፣ ቃል ኪዳን በአንድ ወገን ናቸው፤ የድስት ክዳንና የቤት ክዳን በሌላው። ሣር የሚከድነው ባለሙያም «ከዳኝ» ይባላል፤ ለመነ ካለው ለማኝ እንደሚወጣ ነው፣ ዳ ሳይጠብቅ ይነበባል። ውል ላይ ሲጻፍ «ትቶኝ ሄደ» ከሚለው ከዳኝ ጋር በመልክ ስለማይለይ «ቤት ከዳኝ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የእህትዎ ትርጉም መታረም አለበት። ጭድ በበሬ ተረግጦ ወይም በማሽን ተወቅቶ የደቀቀ የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ ነው። ሥራው ከብት መቀለብና ጭቃ ማያያዝ ነው። ጎጆዎ ላይ ጭድ የሚገኘው የግድግዳው ምርግ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ላይ ከተገኘ ችግር አለ ማለት ነው። ክዳን የሚሆን አገዳ ሙሉ፣ ቀጥ ያለና ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት፤ ዝናብ በላዩ ላይ ተንሸራቶ ከአንዱ ጫፍ ወደሚቀጥለው እየተቀባበለ ይወርዳል። የተረገጠ አገዳ ተሰንጥቆ ውሃውን ወደ ውስጥ ይጠጣል፣ ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ማስታወቂያው ላይ «የሣር ክዳን ጎጆ» ወይም በአጭሩ «ሣር ቤት» ይባል።

የሣሩ ነገር ዋናው ነው። በብዙው የአገራችን ክፍል ለክዳን የሚፈለገው ሰንበሌጥ ነው፤ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ሲደርቅ ወደ ቀይ የሚወስደው ሣር። ደብረ ብርሃን ላይ ከፍታው ስለሚበዛ ሰንበሌጡ ከቆላማው ወገን ተጭኖ ይመጣል። የደጋው ሣር ጓሣ ነው። በመንዝ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚበቅለው ጓሣ ቀጭንና ሽቦ መሰል ሆኖ ጠቅጥቆ ስለሚተኛ ለክዳን እጅግ ተወዳጅ ነው፤ ለገመድም ይሆናል። ሳሩ እንዳያልቅ የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ቦታውን ለዓመታት ዘግቶ በበጋ በጊዜው እየከፈተ ያጭድ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ተዳክሞ፣ ዛሬ ቦታው በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው። ስለዚህ ከጓሣ የሚከድንልዎ ሰው ሣሩን ከየት፣ በየትኛው የማጨጃ ወቅት እንዳመጣው ይጠይቁት። የስንዴ ወይም የገብስ አገዳም ይሆናል፤ ግን በማጭድ ከሥሩ ታጭዶ ዘሩ በእጅ ተመትቶ የረገፈ እንጂ አውድማ ላይ የዋለ አይሁን።

የሚታጨደው ደርቆ ዘሩን ካራገፈ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ነው። እርጥበት እንዳለው ከታጨደ እስሩ ውስጥ ይሻግታል፤ ተከድኖ ሲደርቅ ደግሞ ስለሚሟሽሽ ማሰሪያው ይላላል፣ በመጀመሪያው ነፋስ ከላይ እየተመዘዘ ይወጣል። ዘሩ ያልረገፈ ሣር አይጥና ወፍ ይጠራል። ሲረከቡ አንድ እስር ይፍቱና መሃሉን ያሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ ካለው አይቀበሉት። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ያላነሰ፣ ቅጠሉ በጣት ተበጥሮ የወጣለት፣ ሥሩ በአንድ በኩል የተስተካከለ ይሁን። ቅጠል ውሃ ይይዛል፤ አገዳ ያፈሳል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ውስጡ 5 ሜትር ሆኖ ክፈፉ፣ ማለትም የክዳኑ ታችኛ ጠርዝ፣ ከግድግዳው የውስጥ ገጽ ሲለካ 60 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ከወጣ የክዳኑ ታችኛው ክብ ከመሃል 3.1 ሜትር ይርቃል። ቁልቁለቱ 45 ዲግሪ ሲሆን ከጉልላት እስከ ክፈፍ በጎን ሲለካ 4.4 ሜትር ያህል፣ የሚከደነው ስፋት ደግሞ 43 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከ45 ዲግሪ በታች እንዳይስማሙ። ምክንያቱን አብዛኛው ሰው አያስተውለውም፦ ሣሩ ከወራጁ ጋር እኩል አይጋደምም። ሥሩ ወደ ታች ሆኖ ከበታቹ ባለው ድርብ ላይ ስለሚተኛ ከእንጨቱ ይልቅ ይለዝባል። 1 ሜትር ሣር በ25 ሳንቲሜትር ውፍረት ሲደረብ ከወራጁ በ14 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ወራጁ 45 ከሆነ አገዳው ራሱ ያለው 31 ላይ ነው። ወራጁን 35 ላይ ያዋቀሩ እንደሆነ አገዳው ወደ 21 ይወርዳል፤ ውሃው መንሸራተቱን ትቶ ይሰርጋል፣ በረዶውም ሳይወርድ እላዩ ላይ ይቀልጣል። ለደብረ ብርሃን ብርድና በረዶ 50 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ እንጨቱም ሣሩም በጥቂቱ ይጨምራል።

ወራጆቹ ክፈፉ ላይ በ45 ሳንቲሜትር ቢራራቁ 43 አጣና ይፈልጋሉ። ሁሉም ጉልላት ድረስ ከወጡ ጫፉ ላይ እንጨት ብቻ ይከማችና ሣሩ የሚቀመጥበት ይጠፋል፤ 12 ወይም 14ቱ ብቻ ጫፍ ይድረሱ፣ ሌሎቹ ከጫፉ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚታሰር ቀለበት ላይ ይቁሙ። ማገሩ በ28 ሳንቲሜትር ልዩነት 16 ዙር ይሆናል፣ በድምሩ ወደ 156 ሜትር። ይህ ርቀት የክዳኑ ጥራት የሚወሰንበት ስለሆነ አደራ ይለኩት። 1 ሜትር ሣር 28 ሳንቲሜትር እየተራራቀ ሲታሰር በማንኛውም ነጥብ ላይ ከ3 በላይ ድርብ ይደራረባል። ማገሩን 50 ያደረገ ሰው እንጨትና ማሰሪያ ይቆጥባል፤ ክዳንዎ ግን 2 ድርብ ብቻ ይሆናል።

ምሰሶ አይቁም፣ ቦታ ይያዝብኛል ካሉ (የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠሩ ሁሉ ይህን ይላሉ) ሒሳቡ ይለወጣል። ምሰሶ ከሌለ ወራጆቹ የግድግዳውን አናት ወደ ውጭ ይገፉታል፤ ጭቃው አግድም መሰንጠቅ ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ያኔ በግድግዳው አናት ዙሪያውን የማይላላ ማሰሪያ፣ ብረት ቢሆን ይሻላል፣ መግባት አለበት። ክዳኑ ቀላል አይደለምና፤ 25 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር በካሬ ሜትር ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ በጠቅላላው 1,300 ኪሎ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። ሣር ሲገዙም ይኸው ቁጥር ይረዳዎታል። የአንዱ እስር ልክ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ አሥር እስር መዝነው አማካዩን ያውጡ፤ እስሩ 4 ኪሎ ከሆነ 325 እስር ነው፣ ለሚጣለው ጥቂት ይጨምሩበት።

ሣሩ የሚጀመረው ከክፈፍ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከሌላው ወፈር ይላል፣ ሥሩ ወደ ታች ይዞራል፣ ከማገሩ ወደ ውጭ አንድ ስንዝር ይወጣል። በላዩ ላይ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣቂ ወይም ጭራሮ ይጋደምና በየስንዝሩ ከማገሩ ጋር ይታሰራል። አንዱ ከውጭ በሾለ እንጨት ማሰሪያውን ያሳልፋል፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ማገሩን አዙሮ ይመልስለታል፤ ውስጥ ሰው ሳይኖር የተሠራ ክዳን ግማሹ ሣር ከሣር ጋር ነው የታሰረው። በዚህ ልክ 700 ያህል ቋጠሮ፣ ለእያንዳንዱ 70 ሳንቲሜትር፣ ወደ 500 ሜትር ማሰሪያ ይወጣል። የቃጫ ገመድ ጥሩ ነው፤ ልጥም ሳይደርቅ ከታሰረ ሲደርቅ ያጠብቃል። ሽቦ የሚያስሩ አሉ፤ ሽቦ ዝጎ ሲበጠስ ከውጭ ስለማይታይ፣ ሣሩንም ስለሚቆርጥ አልመክርም። የሚቀጥለው ዙር የበታቹን ማሰሪያ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ከውጭ የሚታይ ቋጠሮ ካለ ውሃ በዚያው ገመድ ተከትሎ ይገባል።

«አንድ ስንዝር» የተባለው ውፍረት ነው፤ የትልቅ ሰው ስንዝር ከ20 እስከ 23 ሳንቲሜትር ይሆናል። ያስኬዳል፣ 25 ቢባል ግን ለደብረ ብርሃን አየር ይሻላል። በስንዝር ሳይሆን በሳንቲሜትር ያስጽፉት፤ የማን ስንዝር እንደሆነ መከራከር ይቀራል። ሲረከቡ ክፈፉን ብቻ አይለኩ፤ እዚያ ሁልጊዜም ወፍራም ነው። ቀጭን ብረት ላይ ምልክት አድርገው መሃል ላይ፣ በሁለት ማሰሪያዎች መካከል፣ ማገሩን እስኪነካ ወደ ውስጥ ይውጉት፤ በአራት አቅጣጫ።

ክፈፍ ማለት የክዳኑ ታችኛ ጠርዝ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በስለት ይከፈፋል። የሚከፈፈው ጠርዙ ከውጭ ወደ ውስጥ ጥቂት ዘንበል ብሎ ሲሆን ጠብታው ከላይኛው ጫፍ ላይ ወርዶ ከግድግዳው ይርቃል። ተቃራኒ ከሆነ ውሃው በሆዱ እየተሳበ ምርጉን ያጥባል። ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መሬት ላይ ጠጠር የተሞላ ትንሽ ቦይ ያስቆፍሩ።

መጀመሪያ የሚያፈስሰው ጉልላቱ ነው። እዚያ ላይ የሚቀጥል ዙር ስለሌለ የመጨረሻውን ማሰሪያ የሚሸፍነው የለም። ሣሩ በአንድነት ተሰብስቦ ከምሰሶው ጫፍ ጋር በጠንካራው ይታሰርና ከላይ ክዳን ይደፋለታል፤ በብዙ ቦታ የሚደፋው ገንቦ ወይም ማሰሮ ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ መስቀሉ የሰጎን እንቁላል የተሰካበት ጉልላት አለው፤ ከጌጡ ሥር ግን ሥራው ያው ነው፣ የሣሩን አፍ መዝጋት። የሸክላው አፍ ከሣሩ ዙሪያ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ወርዶ መያዝ አለበት።

በማረፊያ ቤቶች ላይ የሚበዛው ስሕተት ከክዳኑ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ነው። «እንዳያፈስ» ተብሎ ይነጠፋል፤ ሣሩ ግን የሚደርቀው ከላይ በፀሐይ፣ ከውስጥ በአየር ነው። ላስቲኩ የውስጡን በር ስለሚዘጋው ሣሩ ከሆዱ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ሲታይ አምሮ። ቆርቆሮ ላይ ለውበት ሣር የሚለጥፉም ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር አየር የሚያልፍበት ርብራብ ካላስቀመጡ መጨረሻቸው ይኸው ነው። ሌላው የጭሱ ነገር ነው። ገጠር ቤት ውስጥ ምድጃው ሣሩን ጥቀርሻ አልብሶ ነቀዝና ምስጥ ይከላከልለታል፣ ያደርቀዋልም። የእንግዳ ቤት ጭስ የለውም። ቤቱ ባዶ በሆነ ጊዜ በሩንና መስኮቱን ከፍተው አየር ያስገቡ፣ የምሰሶውንና የቋሚዎቹን ሥር ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን በየጊዜው ይፈትሹ፣ ከክዳኑ በላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይቁረጡ፤ ጥላ ያረፈበት ወገን ቀድሞ ያረጃል።

የእሳቱን ነገር እንደ ዋዛ አይዩት። ውስጥ ምድጃ ወይም የከሰል ማንደጃ አይግባ፣ ወጥ ቤቱም ነፋስ ከሚመጣበት ወገን አይሁን። የመብራት ገመድ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ይሂድ እንጂ በሣሩ መሃል አይለፍ፤ አምፖልም ከሣሩ ቢያንስ ክንድ ይራቅ። አይጥ የገመድ ላስቲክ ትበላለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው እሳትና ጭድ ነው።

ክዳኑ ሲያፈስስ ሁሉንም ማንሣት አያስፈልግም። የላላውን ቦታ ከሥሩ አንሥተው የበሰበሰው ተመዞ ወጥቶ፣ አዲስ ጭብጥ ሣር ወደ ላይ ይሰገሰግና ይታሰራል። የበሰበሰውን ሳያወጡ በላዩ ደርቦ መክደን ግን ብስባሹን ከነርጥበቱ ማሸግ ነው፤ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል፣ ወራጆቹ ለዚያ አልተለኩም።

ውሉን ሲያስተካክሉ በጣሪያው መስመር የወራጁን ቁጥር፣ ዲግሪውንና የማገሩን ርቀት፤ በክዳኑ መስመር የሣሩን ዓይነት፣ ውፍረቱንና የማሰሪያውን ዓይነት ያስጽፉ። ከጠቅላላው ክፍያ የጉልላቱንና የክፈፉን ድርሻ እስከ መስከረም ያቆዩት፤ የሚያፈስስ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይታወቃል፣ ከዳኙም መሰላሉን ይዞ የሚመለስበት ምክንያት ይኖረዋል።